ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ ነው?

ባሕር ዳር ላይ ከጣና የሚወጣው ዓሣ በገበያ የሚጠራው ባብዛኛው በሦስት ስም ነው፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። በቀረሶና በአምባዛ የሚሳሳት ሰው የለም። ነጭ ዓሣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳይንስ ላቤዮባርበስ በሚለው ወገን ውስጥ የሚመደቡ 15 ያህል ዝርያዎች በዚሁ አንድ ስም ይሸጣሉ። አብዛኞቹም ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ አይገኙም።

«ሁሉም አንድ ነው፤ የሚለያዩት በዕድሜና በምግብ ነው» ሲባል ይሰማል። ይህን ያለው ገበያተኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከእነዚህ ዓሦች በርካታዎቹን የተለያዩ ዝርያዎች አድርጎ መዝግቦ ነበር። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ አብዛኞቹን መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። ነገሩ እንደገና የተመረመረው በ1990ዎቹ ነው፤ ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የአካል ቅርጹ ከአመጋገብ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳዩ። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ሌላው ዕፅዋት፣ ሌላው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳት። የሚገርመው ደግሞ እነዚህ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ እንዲያም ሆኖ ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይኖራሉ።

«ትልቅ ዓይን ያለው አንድ ዝርያ፣ ትንሽ ዓይን ያለው ሌላ ዝርያ ነው» የሚለውም እንዲሁ በዓይን ግምት የሚሠራ አይደለም። ለኪው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ያለውን ርዝመት ይይዛል፤ ቀጥሎ የጭንቅላቱን ርዝመት፣ የዓይኑን ስፋት፣ የተከፈተ አፉን ስፋት ይለካል። ቁም ነገሩ ሴንቲሜትሩ ሳይሆን እያንዳንዱ ልኬት ከጠቅላላው ርዝመት ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ዓሣ ሲያድግ ዓይኑ የሰውነቱን ያህል አያድግምና የማንኛውም ዝርያ ጫጩት ዓይነ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የሚነጻጸሩት እኩያ የሆኑት ብቻ ናቸው፤ ትናንሾቹን መለየት ባለሙያንም ያስቸግራል።

«እንግዲያው ዲኤንኤ ይፍረድ» የሚል ይኖራል። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህኛው ነው፤ ሳይንስ መስሎ ስለሚመጣ። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲነበብ በመልክ የማይገናኙት የጣና ዓሦች አንድ ዓይነት የፊደል ቅደም ተከተል ይጋራሉ። ይህ ግን አንድ ዝርያ ናቸው ማለት አይደለም። ከሐይቁ ወለል የተቆፈረው ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ዝርያዎች ገና ወጣቶች ናቸው፤ ዲኤንኤያቸው ለመለያየት በቂ ጊዜ አላገኘም፤ በዚያ ላይ ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ የሚነግረን የታሪኩን አንድ ወገን ነው። የቀረውን ዲኤንኤ ማንበብም ቀላል አይደለም፤ የሰው ክሮሞሶም 46 ሲሆን የእነዚህ ዓሦች 150 ገደማ ነው፣ እያንዳንዱም ዘረመል በስድስት ቅጂ ሊገኝ ይችላል። በበሽታ መከላከያ ዘረመሎች ላይ በተደረገ ምርመራ ግን በዓይነቶቹ መካከል ልዩነት ታይቷል። በመራቢያ ቦታቸውም ይለያያሉ፦ ከፊሎቹ በክረምቱ ማብቂያ ጉማራን የመሳሰሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ፣ ሌሎቹ ወንዝ ውስጥ አይታዩም።

«ቢለያዩስ ለዓሣ አጥማጁ ምን ይጠቅመዋል?» ይጠቅመዋል። ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁ መረብ በአንድ ጊዜ ያፍሳቸዋል፤ የነጭ ዓሣም ምርት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክፉኛ ማሽቆልቆሉ ተመዝግቧል። መዝገቡ ላይ «ነጭ ዓሣ፣ ይህን ያህል ኪሎ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አንዱ ዝርያ ከሐይቁ ቢጠፋ እንኳ ሌላው ይሸፍነዋል። ምርት የሚመዘግቡ ሁሉ ዓሣውን በየዝርያው ለይተው ይጻፉ፤ አጥማጆችም ከነሐሴ እስከ መስከረም መረባቸውን ከወንዞቹ አፍ ያርቁ።