ኤዲኤችዲ፦ በአዋቂነት ዕድሜ ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

«ሰነፍ»፣ «ዝርክርክ»፣ «ቃሉን የማይጠብቅ» እየተባሉ ያደጉ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። የጀመሩትን አይጨርሱም፤ ቀጠሮ ይረሳሉ፤ ሰው እያናገራቸው ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከእነዚህ የአንዳንዶቹ ችግር ስንፍና ሳይሆን ኤዲኤችዲ ሊሆን ይችላል። ኤዲኤችዲ ከልጅነት የሚጀምር፣ ትኩረትን መሰብሰብና ችኩልነትን መቆጣጠር የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት እክል ነው። ብዙ ጊዜ የልጆች ችግር ተደርጎ ቢታይም ብዙዎችን እስከ አዋቂነት ይከተላል።

አዋቂ ላይ ምን ይመስላል?

ሐዋሳ ውስጥ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ሱቅ ያለው አንድ ወንድም እናስብ። ሥራ ይወዳል፤ ደንበኛ ያከብራል። ነገር ግን የሰጠውን ዱቤ ሳይመዘግብ ይቀራል፤ የኪራይ ቀን ያልፍበታል፤ ቁልፉን ሲፈልግ ይውላል፤ ሶላት ላይ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለ ደጋግሞ ይጠፋዋል። መርሳት የማንኛውም ሰው ባሕርይ ነው፤ ሱጁደ ሰህው የተደነገገልንም ስለምንረሳ ነው። ሐኪምን የሚያሳስበው ችግሩ ከልጅነት ጀምሮ የነበረ፣ በቤትም በሥራም የሚታይና ኑሮን የሚያበላሽ ሲሆን ነው።

ሴት ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው መቅበጥበጥ ሳይሆን ዝም ብሎ በሐሳብ መጥፋት ስለሆነ ሳይታወቅላቸው ያድጋሉ። አንዳንድ ወላጆችም የራሳቸውን የሚጠረጥሩት ልጃቸው ሲመረመር ነው፤ እክሉ በቤተሰብ የመተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነውና።

ምርመራው

ኤዲኤችዲን የሚለይ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ የለም። ዋናው ምርመራ ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ምልክቶቹ ዘጠኝ የትኩረት ማነስና ዘጠኝ የመቅበጥበጥና የችኩልነት ተብለው ተከፍለዋል። 17 ዓመት የሞላው ሰው ከአንዱ ክፍል ቢያንስ 5 ምልክቶች ለ6 ወር ያህል ሊታዩበት ይገባል። ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩ መሆን አለባቸው።

በዓለም ጤና ድርጅት የወጣ 18 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅም አለ። እሱ ግን ለመጠርጠር እንጂ በሽታውን ለማረጋገጥ ብቻውን አይበቃም።

ሐኪሙ ስለ ልጅነት ስለሚጠይቅ እናትን ወይም ታላቅ ወንድምን ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ ካለ ይያዝ። መድረሳ ያስተማረ ኡስታዝም የሚያስታውሰው አይጠፋም።

ጫትና እንቅልፍ

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አእምሮን ያነቃቃል፤ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያደክማል። ስለዚህ የሚቅም ሰው ትኩረት ማጣቱ ከጫቱ ይሁን ከኤዲኤችዲ ለመለየት ያስቸግራል። ለሐኪም መደበቅ የሚጎዳው ራስን ነው። ድብርት፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ባለሙያው እነዚህንም የሚፈትሸው ለዚህ ነው።

የት እንሂድ?

የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያው ቢጀምርና ሪፈር ቢያጽፍ ይሻላል። በከተማዋ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ሲሄዱ «የአዋቂ ኤዲኤችዲ ምርመራ እፈልጋለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ጊዜ ይቆጥባል።

ከተረጋገጠ በኋላ

ሕክምናው ምክርን፣ የኑሮ ሥርዓት ማበጀትንና እንደ ሁኔታው መድኃኒትን ያካትታል። እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት መድኃኒቶች የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚጨምሩ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ይወሰዳሉ፤ ከጫት ጋር መደባለቅ አደገኛ ነው። ረመዷን ሲቃረብ መድኃኒቱን በራስ ከማቋረጥ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይገባል።

አንዳንዶቻችን ሩቅያ ላይ ብቻ ተወስነን ዓመታት እናሳልፋለን። ዱዓና ሩቅያ ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክሉም፤ ዲናችንም እንድንታከም ያዘናል። ምርመራው ኤዲኤችዲ አለመሆኑን ቢያሳይ እንኳ ትክክለኛውን ምክንያት ለማግኘት መንገድ ይከፍታል። በቤታችን «ሰነፍ» የምንለው ሰው ካለም፣ ከመውቀሳችን በፊት ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ እንደነበር እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) ለሁላችንም ዓፊያውን ይለግሰን።