በእምድብር ለአውቶሞቢል ማሳደሪያ ኤሌክትሪክ ስለ ማስገባት

የኤሌክትሪክ ኃይል በሥርዓት ለሚይዘው ታማኝ አገልጋይ ነው፤ በቸልታ ለሚይዘው ግን ቤትና ንብረት ያጠፋል። ይህም ነገር በቸሃ አገር፥ በእምድብርና በአካባቢው ባሉ ባለ ቤቶች ዘንድ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

የጉራጌ ሰው በአዲስ አበባና በሌላም ከተማ በንግድና በሥራ ቢሰማራ፥ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ አገሩ መመለስን አይተውም። በአውቶሞቢል የሚመጣውም ከአባቶቹ ጎጆ አጠገብ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት፥ ከዚያም ራቅ አድርጎ የአውቶሞቢል ማሳደሪያ ሊያሠራ ይፈልጋል። ወደ ማሳደሪያው መብራት ለማድረስ ሲባል ግን፥ «ለበዓሉ ሳምንት ብቻ ነው» ብሎ ቀጭን ሽቦ በጎጆው ክዳን ላይ አሳልፎ መወጠር እጅግ አደገኛ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይግላል፤ ልባሱም ይቀልጣል፤ የሣር ክዳን አንድ ጊዜ እሳት ከያዘው ለማጥፋት ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ መስመሩ በመሬት ውስጥ ቢቀበር ይሻላል። ነገር ግን ጓሮው የእንሰት ስፍራ ነው። እንሰት እስኪደርስ ድረስ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተነቀለ የሚተከል፥ ሲደርስም ከነሥሩ ተቆፍሮ የሚወጣ ተክል ነው፤ ቆጮውም የሚብላላው በጉድጓድ ውስጥ ነው። በእንሰት መካከል የተቀበረውን ሽቦ አንድ ቀን መቆፈሪያ ያገኘዋል፤ የሚጎዳውም ስለ ሽቦው ምንም የማያውቀው ቆፋሪ ነው። ስለዚህ መንገዱ ቢረዝምም መስመሩ በአጥር ሥር ዞሮ ይሂድ።

መንገዱ ሲረዝም ግን የሽቦው ውፍረት አብሮ ሊጨምር ይገባል። ለምሳሌ 40 ሜትር በሚርቅ ማሳደሪያ 10 አምፔር ቢወሰድ፥ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ከ220 ቮልት 9 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል፤ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው 3.5 ቮልት ያህል ብቻ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ መስመሩ ከዋናው ቤት ማከፋፈያ ሣጥን፥ የራሱ ብሬከር ኖሮት ይነሣ።

ሁለተኛ፥ ለመቀበር የተሠራ ኬብል 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ይዘርጋ፤ ከሥሩና ከላዩ አሸዋ፥ ከአሸዋውም በላይ ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት፤ በመሬት ውስጥ አይቀጠል።

ሦስተኛ፥ የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ ሲፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያም ይግባለት።

አራተኛ፥ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ ሶኬትና ማብሪያ ከወለሉ ከፍ ብለው ይተከሉ።

ሥራው ከመስቀል ጥድፊያ አስቀድሞ፥ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እጅ እንዲፈጸም የአገር አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት ባለ ቤቶችን ሊመክሩ ይገባል። ባለ ቤቱ ከበዓሉ በኋላ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ መሬቱን የሚቆፍሩት ግን በአገር ቤት የሚቀሩት ናቸው። ስለዚህ መስመሩ የሚያልፍበት ስፍራ በድንጋይ ምልክት ይደረግበት፤ ለቤተ ዘመዱም ሁሉ ይነገር።