ነርሷን እንጠይቃት

በእኛ አገር ሽማግሌና አሮጊት በአብዛኛው የሚጦሩት በልጆቻቸው ቤት ነው። በአሜሪካ ግን ብዙ ደካማ አረጋውያን በመጦሪያ ቤት ይኖራሉ። የሚያስታምሟቸው ነርሶችና ረዳቶቻቸው ናቸው። ካገራችን የሄዱ ልጆችም በዚህ ሥራ ላይ አሉ።

መጦሪያ ቤቱ ደኅና መሆኑን በምን እናውቃለን? ግድግዳው ቀለም ስለተቀባ ነው? አይደለም። ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካላገላበጡት ገላው ይቆስላል። ቁስሉ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ታዲያ አንዲት ነርስ ብቻዋን 30 ሰው ከተሰጣት ማንን አገላብጣ ማንን ትተዋለች? የእሷም ወገብ ይጎዳል።

ስለዚህ ስለ ሥራው ነርሷን ራሷን መጠየቅ ይሻላል። አይሊን ሌክ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. 31 ነጥብ ያለው መጠይቅ አወጡ። የተዘጋጀው ለሆስፒታል ነበር፤ በኋላ ለመጦሪያ ቤትም ዋለ። ሠራተኛ ይበቃል ወይ? አለቃዋ ይደግፋታል ወይ? ከሐኪሙ ጋር ተግባብታ ትሠራለች ወይ? ነርሷ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ4 መልስ አንዱን ትመርጣለች። ስሟን ባትጽፍ ይሻላል። አለቃው ያውቅብኛል ብላ ከፈራች እውነቱን አትናገርማ!

ሠራተኛ አይበቃም ያሉት ከበዙ፣ የሽማግሌዎቹን ጀርባ ገልጦ ማየት ነው።