ባትሪው ለምን አልሞላ አለ?

ሶደሬ ከአዳማ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት በፍል ውሃዋ ነው። በአዋሽ ዳር ያለው ገበሬ ግን ወንዙን በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ትልልቅ ሞተሮችና ትራክተሮች የሚነሡት በባትሪ ኃይል ነው። ባትሪው ከደከመ ሞተሩ አይነሣም። ሞተሩ ካልተነሣ ውሃ የለም። ውሃ ከሌለ ደግሞ በቆላ ፀሐይ ሽንኩርቱ ይጠወልጋል።

ስለዚህ ባትሪውን ወስደን ቻርጀር ላይ እናስራለን። ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ አድሮ፣ ጠዋት ሞተሩ «ጠቅ» ብሎ ዝም ቢልስ? ብዙዎቻችን «በቃ፣ ባትሪው ሞቷል» እንልና አዲስ ለመግዛት እንነሣለን። አዲስ ባትሪ ግን ብዙ ብር ያስወጣል። ጥፋቱም የባትሪው ላይሆን ይችላል። ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት እስቲ እንመርምር።

በመስኖ የሚያለማ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። የቦዩ ራስ ከማሳው ከፍ ካላለ ውሃው ማሳ አይገባም። ኤሌክትሪክም እንደዚሁ ነው። ቮልት የምንለው እንደ ቦዩ ከፍታ ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ነው። የቻርጀሩ ቮልት ከባትሪው ቮልት ካልበለጠ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው አይገባም። ሳምንት ቢታሰርም አይሞላም።

ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ባትሪ ባለ 12 ቮልት ነው። በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ በቮልት መለኪያ፣ ማለትም በቴስተር፣ ሲለካ 12.6 ያህል ያሳያል። 12 ካሳየ ደክሟል ማለት ነው። ቻርጀሩ ላይ ታስሮ እየሞላ ሲሄድ ግን ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ብዙ ሰዓት ቆይቶም ከዚያ በታች ከቀረ አንድ ቦታ ጉድለት አለ።

ጉድለቱ የት ነው? ቦይ ሲደርቅ ከራሱ ጀምረን ቁልቁል እያየን እንወርዳለን። እዚህም እንደዚያው እናድርግ።

አንደኛ፣ የመብራት መስመሩን እንይ። የቆቃ ኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዋሽ ማሳ ከማጠጣቱም በላይ መብራት ይሰጣል። የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ነገር ግን መስመሩ ሲረዝምና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ይወርዳል። ማታ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ ወይም ወፍጮ ሲነሣ አምፑሉ ሲደበዝዝ አይተን የለም? 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ፣ 14.4 ቮልት ይሰጥ የነበረ ተራ ቻርጀር ወደ 12 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ይህ ደግሞ ባትሪ አይሞላም። መፍትሔው ሰው ሲተኛና መስመሩ ሲያርፍ መሙላት ነው።

ሁለተኛ፣ ሽቦውንና መቆንጠጫውን እንይ። ከመንካታችን በፊት ቻርጀሩን ከግድግዳ እንንቀል። ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ሲጋራም ሆነ ኩራዝ አይቅረብ፤ በርና መስኮት ይከፈት። አሲዱ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ቦይ በደለል እንደተደፈነ ቁጠሩት። እጃችንን ሸፍነን፣ ሶዳ በሟሟበት ሙቅ ውሃ በብሩሽ እንጠበው። ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ እንጠንቀቅ። ከዚያ አድርቀን መቆንጠጫውን አጥብቀን እንሰር። ቀጭንና ረጅም ሽቦም ቮልት ይበላል። ባትሪው ላይ ስንለካ ከቻርጀሩ አፍ በግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ፣ ሽቦው በወፍራምና በአጭር ይለወጥ።

ሦስተኛ፣ መስመሩና ሽቦው ደኅና ከሆኑ የቀሩት ቻርጀሩና ባትሪው ናቸው። ጥፋተኛውን ለመለየት ቴስተር እንኳ አያስፈልግም። ደኅና መሆኑ የታወቀ፣ ትንሽ የደከመ ሌላ ባትሪ በዚያው ቻርጀር ላይ እንሰር። እሱም ካልሞላ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። ፊውዙ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው፣ ዳዮድ የሚባለው ዕቃ ተበላሽቶ ይሆናል። ከዳዮዶቹ አንዱ ሲቃጠል ቻርጀሩ የሚሠራ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ሳጥኑን መክፈት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። እኛ አንክፈተው።

ሌላው ባትሪ ከሞላ ግን ችግሩ የእኛ ባትሪ ነው። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃውን እንይ። በቆላ ሙቀት ውሃው ቶሎ ይጎድላል። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች በውሃ መሸፈን አለባቸው። ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። የአዋሽ ውሃ አይሆንም። የሶደሬ ፍል ውሃም አይሆንም፤ ከመሬት ውስጥ ይዞት የሚወጣው ማዕድን ባትሪውን ይጎዳዋል። አሲድም አይጨመርም። ስንገዛ ሻጩ በውሃው ፋንታ አሲድ እንዳይሰጠን ጠይቀን እንግዛ።

ውሃው ተስተካክሎ፣ ሌሊቱን ታስሮ፣ ከቻርጀር ወርዶ ካረፈ በኋላ 10.5 ያህል ብቻ ካሳየ፣ ከ6ቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ አዲስ ባትሪ መግዛት ተገቢ ነው።

እንግዲህ ባትሪው አልሞላ ሲል ቶሎ አንፍረድበት። መስመሩን፣ ሽቦውን፣ ቻርጀሩን፣ በመጨረሻም ባትሪውን በተራ እንይ። ያገኘነውንም ቁጥር በደብተር እንጻፍ። መጻፍና ማንበብ ከቻልን፣ ዛሬ 12.6 የነበረው ከወር በኋላ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ባትሪው መድከም ሲጀምርም ሞተሩ ከመቆሙ፣ ሽንኩርቱም ከመጠውለጉ በፊት እንደርስበታለን።