ሳናውቀው የምንፈርደው ፍርድ

«የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላል ተረቱ። የሌላውን አድልዎ ለማየት ዐይናችን ስል ነው። «አንተም አድልዎ አለብህ» ስንባል ግን ወዲያው እንቈጣለን፤ «ክፉ ሰው ነህ» የተባልን ይመስለናልና። ዳሩ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ክፋት ዐውቀን የምናደርገው ነው፤ ሳናስበው የሚያድርብን አድልዎ ከልጅነታችን ጀምሮ ከሰማነውና ካየነው የተጠራቀመ ልማድ ነው።

የልማዱን ብርታት አንድ ምርመራ ያስረዳል። ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአሜሪካ በቺካጎና በቦስተን ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ያህል ማመልከቻ ላኩ። ችሎታው ተመሳሳይ ሲሆን፣ የተለያየው ስሙ ነበር፤ ግማሹ የነጭ፣ ግማሹ የጥቁር አሜሪካዊ ስም የሚመስል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የነጭ ስም የያዘው በ10 ማመልከቻ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር ስም የያዘው 15 ያህል መላክ ነበረበት።

በአገራችንም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውና ሸማኔው፣ ሌላውም ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ። ገበሬው ማረሻውን የሚሠራለትን አንጥረኛ «ቡዳ ነው» እያለ ይሸሸው ነበርና። ሆኖም ዐዋጅ ምላስን ይገታል እንጂ በልብ የተተከለውን አይነቅልም። ስድብ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው እንኳ፣ የአመልካቹን የአባት ስምና አነጋገር ሰምቶ ዶሴውን ሳይገልጥ የሚፈርድበት ጊዜ አለ። አመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ባዶ እጁን ይመለሳል።

እንግዲህ ምን ይበጃል? ያፈረ ሰው ነገሩን ይሸሽገዋል፤ የተሟገተም ይክደዋል። የሚበጀው አሠራርን ማቃናት ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ተፈታኙን ሙዚቀኛ ከመጋረጃ በስተጀርባ አስቀምጠው ማጫወት ያዙ፤ ዳኞቹ ሙዚቃውን እንዲሰሙ እንጂ ወንድ ይሁን ሴት፣ ነጭ ይሁን ጥቁር እንዳያዩ ነው። መጋረጃው ማንንም አልወቀሰም፤ ማንንም አላሳፈረም።

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም እንዲሁ መመዘኛውን አመልካች ከመቅረቡ በፊት በጽሑፍ ያስፍር፤ ለሁሉም አንድ ዐይነት ጥያቄ ያቅርብ፤ ቢቻልም ማመልከቻውን ስሙን ሸፍኖ ያንብብ። ተማሪም የጥናት ጓደኛ ሲመርጥ ከአገሩ ልጆች ወጣ ብሎ ይመልከት። ከዚያም እያንዳንዱ «ይህ ሰው የአገሬ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እፈርድበት ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ ቢያስደነግጠው ፍርዱን ያርም እንጂ ራሱን አይርገም።