በጓሮና በኬጅ መካከል

በዓለም ላይ በዓመት ከ70 ቢሊዮን በላይ ዶሮ ይታረዳል። የሥጋ ዶሮን በአዳራሽ አጉሮ በብዛት ማምረት ግን ከተጀመረ ገና መቶ ዓመቱ ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ዴላዌር ግዛት የምትኖር ሴሲል ስቲል የተባለች ሴት 50 ጫጩት አዝዛ በስህተት 500 መጣላት። ሳትመልስ አሳድጋ ለሥጋ ሸጠቻቸው፤ አተረፈችም። ብዙ ሳትቆይ 10 ሺሕ ዶሮ የሚይዝ ቤት አሠራች።

ቀጥሎ የዘር መረጣው መጣ። የዛሬው የሥጋ ዶሮ በስድስት ሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሥጋው እግሩን ስለሚቀድመው መራመድ የሚቸግረው ጥቂት አይደለም። እንቁላል ጣይዋ በዓመት 300 ያህል ትጥላለች። ወንድሞቿ ግን እንቁላል አይጥሉ፣ ሥጋቸውም አያዋጣ፤ በተፈለፈሉ ቀን ይገደላሉ። ጀርመን ይህን የከለከለችው ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

እንግሊዛዊቷ ሩት ሃሪሰን ይህን አሠራር የሚያጋልጥ መጽሐፍ በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተመች። በማግስቱ ዓመት የብሪታንያ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ፣ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን ማጽዳትና መንጠራራት መቻል አለበት አለ። የአውሮፓ ኅብረት እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚታጎርበትን ባዶ የሽቦ ኬጅ ያገደው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ለአንዲት ዶሮ የሚፈቀድላት ቦታ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያንስ ነበር።

በእኛ አገር ገጠር የሐበሻ ዶሮ ዛሬም ጭራ ታድራለች። እንቁላሏ በዓመት ከ60 እምብዛም አያልፍም፤ ነገር ግን ራሷ ታቅፋ ራሷ ታሳድጋለች። ባለቤቷም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት፤ ለጨው፣ ለደብተር፣ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ማንንም ሳትለምን የምታገኘው ከዶሮዋ ነው። የበዓል ገበያ ላይ ገብስማው፣ ወሰራው፣ ቀዩ በመልኩ ዋጋ ይቆረጥለታል።

ይሁንና የእርባታው ትንሽ መሆን ብቻውን ደግነት አይደለም። የፈንግል በሽታ በገባበት መንደር ዶሮው ሁሉ በቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ ከሱ የተረፈውን ጫጩት ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ይሻሙበታል። በነጻነት እየዞረች በበሽታ የምታልቅን ዶሮ አይቶ እርባታችን ሥነ ምግባር አለው ማለት ይከብደኛል።

መካከለኛ መንገድ እየተሞከረ ነው። በግል ድርጅቶች የተፈለፈሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ተከትበው፣ ጥቂት ሳምንታት አድገው ለገበሬው ይሸጣሉ። እንቁላላቸው ይበዛል፤ ግን መኖ ይጠይቃሉ። በቆሎው፣ አኩሪ አተሩና ፋጉሎው ሲወደድ አርቢው ሥራውን ያቆማል፤ ከእርባታ ወጪ አብዛኛውን የሚወስደው መኖ ነውና። በብዛት ስለማያቅፉም ጫጩት በየጊዜው መግዛት ግድ ይሆናል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የአገር በቀሏን የሆሮ ዶሮ ዘር በመምረጥ እንቁላሏንና ዕድገቷን ለማሻሻል የሠራው ሥራ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ጭራ ማደርን የምታውቅን ዶሮ ይዞ ነውና የተነሳው።

ለፈንግልም መከላከያ አልጠፋም። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ሙቀት የሚቋቋም፣ ዓይን ላይ የሚንጠባጠብ ክትባት ያመርታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተሰናዳ መሆኑ ነው፤ አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይበላሻል። የመንደሩ ሴቶች ቀን ቆርጠው ዶሮዎቻቸውን ማታ ቆጥ ላይ ሳሉ ቢያስከትቡ ግን ወጪው ለእያንዳንዷ እጅግ ያንሳል። ቀኑን የሚያስተባብር የቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከአዲስ የጫጩት ማከፋፈያ በፊት ሊመደብ ይገባል።