ድርቅ ያሠራው ቤተ መንግሥት

ሕንድ ውስጥ፣ ራጃስታን በሚባለው ግዛት፣ ከታር በረሃ ጫፍ ላይ ጆድፑር የምትባል ከተማ አለች። ብዙ ቤቶቿ ሰማያዊ ቀለም ስለተቀቡ «ሰማያዊቷ ከተማ» ይሏታል። በአንድ ወገን አለት ላይ የተተከለ ጥንታዊ ምሽግ፣ በሌላው ወገን ኮረብታ ላይ የተንሰራፋ ግዙፍ ቤተ መንግሥት ይታያል። ምሽጉ ሙዚየም ሆኗል። ቤተ መንግሥቱ ግን፣ ገንዘቡ ካለዎት፣ ያሳድርዎታል።

ኡማይድ ባዋን ይባላል። 347 ክፍሎች አሉት። ዛሬ ለሦስት ተከፍሏል፤ በአንዱ የቀድሞው ንጉሥ ቤተሰብ ይኖርበታል፣ አንዱ ሙዚየም ነው፣ አንዱ ደግሞ ታጅ የተባለው ኩባንያ የሚያስተዳድረው የቅንጦት ሆቴል ነው። እዚያ የሚያድር እንግዳ ከምድር በታች በተሠራ ገንዳ ይዋኛል፣ ግቢው ውስጥ ጣዎስ ሲንጎራደድ ያያል፣ ማታ ማታ ከሰገነቱ ሆኖ መህራንጋር ምሽግን አሻግሮ ይመለከታል። ለዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚከፍለው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

«እና ምን ይገርማል? የንጉሥ ቤት መቼ ርካሽ ሆኖ ያውቃል?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ይህን ቤት ያሠራው ድርቅ ነው።

አፈ ታሪኩ ከምሽጉ ይጀምራል። ራኦ ጆዳ የተባለው ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1459 መህራንጋርን ሲቆረቁር ኮረብታው ላይ አንድ ባሕታዊ ይኖሩ ነበር አሉ። ከቦታቸው ሲነሡ አዝነው «ከተማህን ውኃ ይጥማት!» ብለው ረገሙት ይባላል። እርግማኑን እንተወውና፣ በበረሃ ጫፍ ላለ ሰው ዝናብ መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1920ዎቹ ግን ድርቁ ተደጋግሞ ገበሬው ሲቸገር ማሃራጃ ኡማይድ ሲንግ ሰው ሠርቶ የሚበላበት ትልቅ ግንባታ አስጀመሩ። በኅዳር 1929 የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። ሄንሪ ቮን ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ንድፉን አወጣ። ከ2,000 እስከ 3,000 የሚደርሱ ሰዎች ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ሲጠርቡና ሲያጋጥሙ ኖረው ሥራው በ1943 አለቀ። «ችግር በቅቤ ያስበላል» የሚለው የኛ ተረት እዚያ በድንጋይ ተጻፈ ማለት ነው።

ለኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ምግብ ለሥራ» ሲባል የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። በክፉ ቀን ስንቱ ገበሬ እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ችግኝ ተክሎ ስንዴና ዘይት ተቀብሏል! ሠርቶ መብላት ከልመና ይሻላል፤ ክብርም አለው። ስለዚህ ኡማይድ ሲንግን መውቀስ ቀላል አይደለም። በቤቱ ውስጥ የኖሩትም አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ሕንድ ነፃ በወጣችበት በ1947 ሞቱ። በ1971 ደግሞ መንግሥት ለቀድሞ ነገሥታት ይከፍል የነበረውን ገንዘብ አቆመ። ያን የሚያህል ቤት ያለ ገቢ ማን ያድሰዋል? የልጅ ልጃቸው ጋጅ ሲንግ ከፊሉን ሆቴል አደረጉት። ቤቱም ከመፍረስ ዳነ፣ ዛሬም አስተናጋጁ፣ አትክልተኛው፣ ምግብ አብሳዩ እንጀራውን ይበላበታል።

ታዲያ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ክፉው ቀን ሲያልፍ የተሠራው ነገር ለማን ይቀራል? እርከኑ አፈሩን ይዞ ለገበሬው ይቀራል። ከልጁ አልፎ ለልጅ ልጁ ይደርሳል። ቤተ መንግሥቱ ግን ለባለቤቱ ቀረ። ድንጋዩን የጠረበው ሰው የልጅ ልጅ የመግቢያ ትኬት ቆርጦ ሙዚየሙን ሊያይ ይችላል፤ አያቱ በሠራው ጣሪያ ሥር አንዲት ሌሊት ለማደር ግን የወራት ደመወዙም ላይበቃው ይችላል።

እኛም ዘንድ ቤተ መንግሥት ለጎብኚ መከፈት ጀምሯል፤ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሲከፈት ብዙ ሰው አጥሩን ብቻ ሲያይ ከኖረው ግቢ ገብቶ ወጥቷል። ደግ ነገር ነው። በየበረሃውና በየተራራው የቅንጦት ማረፊያ ስንሠራም ከጆድፑር የምንማረው አለ። አልጋው ለባለ ዶላር ቢሆን ችግር የለውም፤ ገንዘቡ ይምጣ። ነገር ግን ከዚያ ገቢ ለአካባቢው ሰው ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ቋሚ ሥራ የሚሆነው ስንቱ እንደሆነ መሠረቱ ሲጣል ይነገረን። ጣሪያው ከተመታ በኋላ የሚጠይቅ ሰው በር ላይ ዘበኛ ነው የሚያገኘው።